ስለ ክንፋሞቹ ጥቃቅን ሕዝቦች ባሕርይና ማኅበር

የአውሮፓ ሕዝቦች፣ ይልቁንም እንግሊዞች፣ ቁመታቸው ከሰው እጅ የማይበልጥ፣ መልካቸው የሰው፣ ክንፋቸው የቢራቢሮ ወይም የንብ የሆነ፣ በአበባ ውስጥ የሚያድሩና በጨረቃ ብርሃን የሚዘፍኑ ፍጥረታትን «ፌሪ» ብለው ሰይመው በቅኔና በተውኔት፣ በሥዕልና በሕፃናት መጻሕፍት ብዙ ዘመን ሲያመላልሷቸው ኖረዋል፤ ነገር ግን ክንፉን ከነፍሳት የተዋሱላቸው ደራስያን፣ ከክንፉ ጋር አብሮ የሚመጣውን ሕግ፣ ይኸውም የአተነፋፈሱን፣ የአመጋገቡን፣ የአስተዳደጉንና የማኅበሩን ሥርዓት ጨምረው ለመዋስ ያሰቡት እምብዛም አይገኝም። ይህ ዳሰሳ ልብ ወለድ የሆነውን ፍጥረት እንደ ሕያው ፍጥረት ቈጥሮ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ከደረሱበት ነገር ጋር እያስተያየ፣ ምን ዓይነት ሥጋና ምን ዓይነት ማኅበር ሊኖረው እንደሚገባ ይመለከታል። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው እነዚህ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ክንፍ ያልነበራቸው መሆኑ ነው። በአየርላንድና በስኮትላንድ ባላገሮች ትውፊት በጕብታ ሥር የሚኖሩ፣ ቁመታቸው እንደ ሰው ወይም እንደ ሕፃን የሆነ፣ የሚፈሩና የሚከበሩ ነበሩ፤ መንገድም ሲሄዱ በእግር ወይም በፈረስ ነበር። ሼክስፒር በ1590ዎቹ ዓመታት በጻፋቸው ተውኔቶች እጅግ አሳነሳቸው፤ ንግሥት ማብ የተባለችውንም በቀለበት ላይ ካለ ዕንቍ የማትበልጥ አድርጎ ሠረገላዋን ከፌንጣ ክንፍና ከሸረሪት እግር ሠራላት፤ ለራሷ ግን ክንፍ አልሰጣትም። ክንፉ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው የስዊስ ሐኪም ፓራሴልሰስ፣ በአራቱ ባሕርያት ማለት በመሬት፣ በውኃ፣ በነፋስና በእሳት ውስጥ የሚኖሩ ልዩ ልዩ ሕዝቦች አሉ ብሎ ጽፎ ነበርና፣ የእንግሊዙ ባለ ቅኔ አሌክሳንደር ፖፕ የአንዲት ወይዘሮ የፀጉር ዘለላ ስለ መቈረጡ የደረሰውን ረጅም ቅኔ በ1714 አስፍቶ ሲያሳትም፣ የነፋሱን ሕዝቦች ወስዶ የነፍሳት ክንፍ አለበሳቸው። ሠዓሊው ቶማስ ስቶታርድም በ1798 ለዚያው ቅኔ ሥዕል ሲሠራ የቢራቢሮ ክንፍ ቀጠለላቸው፤ ከእርሱም ወዲህ የተነሡት ሠዓልያን አብዛኞቹ ይህንኑ አርአያ ተከተሉ።

ይህ ሥዕል በሰው ልብ ምን ያህል እንደ ሠረጸ የሚያስረዳው በ1917 በዮርክሺር አውራጃ፣ በብራድፎርድ ከተማ አጠገብ ባለችው በኮቲንግሊ መንደር የሆነው ነገር ነው። ኤልሲ ራይትና ፍራንሲስ ግሪፊትስ የተባሉ፣ የ16ና የ9 ዓመት የአክስት ልጆች፣ በወንዝ ዳር ከክንፋም ፍጥረታት ጋር የተነሡትን ፎቶግራፍ አሳዩ፤ የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ ሰር አርተር ኮናን ዶይልም አምኖ በታኅሣሥ 1920 በስትራንድ መጽሔት አወጣው፣ በ1922ም መጽሐፍ ጻፈበት። ልጁንና ወንድሙን በተከታታይ ያጣውን፣ ልቡም ወደማይታየው ዓለም ያዘነበለውን ይህን ሰው ማቃለል አይገባም፤ ሴቶቹም ሥዕሎቹ ከወረቀት ተቈርጠው በባርኔጣ መርፌ የተተከሉ መሆናቸውን የገለጡት አርጅተው በ1983 ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ዶይል የአንዱን መርፌ ጫፍ በፍጥረቱ ሆድ ላይ ባየ ጊዜ እትብት መስሎት፣ እነዚህም ሕዝቦች እንደ ሰው አምጠው ሳይወልዱ አይቀሩም ብሎ መተርጐሙ ነው። እትብት የአጥቢ እንስሳ ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለ ክንፍ ግን ከዕንቍላል የሚፈለፈሉት የነፍሳት ነው። ሐኪም የነበረው ደራሲ የሁለቱን ባሕርያት ጠብ ሳያስተውል አለፈው።

የሁለት ባሕርያት አለመስማማት የሚያመጣውን ጥፋት ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የተናገረ መጽሐፍ በእኛ ዘንድ አለ፤ እርሱም በጥንት ዘመን ከጽርዕ ወደ ግዕዝ የተተረጐመው ፊሳልጎስ ነው። በዚህ መጽሐፍ ከሚተረኩት እንስሳት አንዱ ከአንበሳ አባትና ከጕንዳን እናት የተወለደ ነው፤ አባቱ ሥጋ በል፣ እናቱ እህል በል ስለ ሆኑ፣ የእናቱ ባሕርይ ሥጋውን፣ የአባቱ ባሕርይ እህሉን እየከለከለው ምግብ አጥቶ ይሞታል። መተርጕማን ይህን በሁለት ልብ ለሚያመነታ ሰው ምሳሌ አድርገውታል። እኔ ግን ፍጥረትን በሐሳቡ ለሚያበጅ ደራሲ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ መምህር አላውቅም፤ ሁለት አካል ከመጋጠሙ በፊት ሆዱ ምን እንደሚቀበል ጠይቆአልና።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መጠበቅ አለበት። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚሣሉት መላእክት ረቂቃን ስለ ሆኑ ክንፋቸው የተልእኮአቸው ፍጥነት ምሳሌ ነው፤ ጅማትና ሥጋ አይሻም። ፌሪ ግን የሚበላ፣ የሚጠጣ፣ የሚጋባና የሚሞት ሆኖ ስለ ተተረከ፣ በሊቃውንቱ የሥነ ፍጥረት ትምህርት በዕለተ ሐሙስ በልባቸው የሚሳቡ፣ በእግራቸው የሚሽከረከሩና በክንፋቸው የሚበሩ ሆነው ከተፈጠሩት ወገን ይቈጠራል፤ ስለዚህም የግዙፋን ሕግ ይገዛዋል።

በእግርና በእጅ ቍጥር ረገድ ሠዓልያኑ ሳያስቡት ወደ እውነት ቀርበዋል። ወፍና የሌሊት ወፍ የሚበሩት ክንዳቸው ወደ ክንፍ ስለ ተለወጠ ነውና የበረራቸው ዋጋ እጃቸው ነው፤ የነፍሳት ክንፍ ግን ከደረታቸው ጀርባ የበቀለ እንጂ ከእግራቸው የተወሰደ ስላልሆነ፣ ክንፍም እጅም ያለው ፍጥረት በነፍሳት ሥርዓት ይቻላል። የቀረው ነገር ስድስት መሙላት ነው። ነፍሳት ሁሉ ሦስት ጥንድ እግር አላቸው፤ ከእነርሱም የፊት እግሮቹን እንደ ጸሎተኛ አጣጥፎ አድብቶ የሚያድነው ወገን የመጀመሪያውን ጥንድ ለመያዣ ያደርገዋል፤ ከቢራቢሮዎችም አንዱ ትልቅ ነገድ የፊቱን ጥንድ አሳንሶ በደረቱ ላይ አጥፎ በአራት እግር ብቻ ይቆማል። እንግዲህ የእኛ ሕዝብ ሁለት እግርና አራት እጅ፣ ወይም አራት እግርና ሁለት እጅ ቢኖረው ከባሕርዩ አይወጣም፤ ሁለት እግርና ሁለት እጅ ብቻ ሲሰጠው ግን የቀረው ጥንድ የት እንደ ደረሰ ደራሲው ሊነግረን ይገባል።

መጠኑ ከዚህ የበለጠ ምርመራ ይሻል። ጋሊልዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንድ አካል ቅርጹን ሳይለውጥ ሲያንስ ክብደቱ ከቁመቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ያንሳል፤ እንግሊዛዊው ሊቅ ሃልዴንም በ1926 ስለ ትክክለኛ መጠን በጻፈው ድርሰት ይህንኑ በእንስሳት ላይ አብራርቶታል። 170 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 70 ኪሎ ክብደት ያለው ሰው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ቢያንስ፣ ቁመቱ በ17 እጅ ሲቀንስ ክብደቱ በ5,000 እጅ ያህል ቀንሶ 14 ግራም ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው አካል ከዛፍ ጫፍ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ነገር ግን ዝናም ጠላቱ ነው። ከውኃ የወጣ ሰው በገላው ላይ የሚሸከመው ውኃ ለክብደቱ ከምንም አይቈጠርም፤ የረጠበ አይጥ የራሱን ክብደት ያህል፣ የረጠበ ዝንብ የክብደቱን ብዙ እጥፍ ይሸከማል። ስለዚህ በጠል መታጠብ ለቅኔ የሚያምር ቢሆንም፣ ለዚህ ሕዝብ ጠል የሞት ወጥመድ ሊሆንበት ይችላል። በሌላ በኩል 14 ግራም ለበረራ የማይቻል ክብደት አይደለም፤ በአሜሪካ አህጉር በአበባ ፊት በአየር ላይ ቆመው ወለላ የሚቀስሙት ጥቃቅን ወፎች ከ2 እስከ 20 ግራም ይመዝናሉ። እነርሱ ግን ይህን በረራ የሚገዙት ቀኑን ሙሉ በመብላት ነው፤ ብዙዎቹም በብርድ ሌሊት እንዳይሞቱ ሙቀታቸውን አውርደው እንደ በድን ይሆናሉ። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘፍን ፌሪ ቢኖር፣ ቀድሞ ማር ያከማቸ ፌሪ መሆን አለበት፤ ማር ያከማቸ ደግሞ ጎተራ አለው፣ ጎተራ ያለው ዘበኛ ይሻል። ማኅበሩ ከዚህ ይጀምራል።

አተነፋፈሱም እንዲሁ ነው። ነፍሳት ሳንባ የላቸውም፤ በጎናቸው ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የገባው አየር በቅርንጫፋም ቧንቧዎች ወደ ሰውነታቸው ሁሉ ይደርሳል። ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ የክንፉ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል የነበረ የውኃ ዳር በራሪ ይኖር ነበር፤ ብዙ ሊቃውንት ይህ መጠን የተገኘው አሁን በአየር ውስጥ 21 በመቶ የሆነው ኦክስጅን በዚያን ዘመን ወደ 30 በመቶና ከዚያም በላይ ስለ ነበረ ነው ይላሉ። የዛሬው አየርም ቢሆን በአፍሪካ የሚገኘውን ጎልያድ የተባለውን ጥንዚዛ ትል እስከ 100 ግራም ያደርሰዋልና፣ ለ14 ግራሙ ሕዝባችን አይነፈገውም። የሚነፈገው ድምፅ ነው። ከሳንባ የሚወጣ እስትንፋስ የሌለው አካል በአፉ ሊዘምር አይችልም፤ እንደ እንጭራሪት ክንፉን ከክንፉ አፋጭቶ፣ ወይም በሆዱ ጎን የተወጠረ ስስ ቆዳ አንዘፍዝፎ ይዘምራል። ይህ ጉድለት አይመስለኝም፤ የበረራውና የመዝሙሩ መሣሪያ አንድ የሆነለት ሕዝብ ከሰው ማኅሌት የተለየ ማኅሌት ይኖረዋልና።

ስለ አእምሮው በአጭሩ ለማለፍ ያህል፣ የሰው አእምሮ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩት የንብ አእምሮ አንድ ሚሊዮን የማይሞሉ አሉት፤ በዚህ ጥቂት ሀብት ግን ንብ መንገድ ታስታውሳለች፣ ሽታና ቀለም ትለያለች፣ ጥቂት ቍጥርም ትቈጥራለች። በእውነት የፌሪን ስም የተሸከሙ ነፍሳትም አሉ፤ ሊቃውንት ከተርብ ወገን የሚቈጥሯቸው፣ በሌሎች ነፍሳት ዕንቍላል ውስጥ የሚያድጉ ናቸው፤ ከእነርሱም የአንዱ ዓይነት ወንድ 0.139 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ክንፍም ዓይንም የለውም።

ደራስያን ፈጽሞ የዘነጉት ትልቁ ነገር ግን የዚህ ሕዝብ ሕፃንነት ነው። በሥዕሉ ሁሉ የፌሪ ሕፃን የታናሽ ፌሪ መልክ አለው፤ ቢራቢሮና ንብ ግን እንዲህ አያድጉም። ከዕንቍላሉ የሚወጣው ትል ነው፤ ይበላል፣ ቆዳውን እየገፈፈ ያድጋል፣ ከዚያም በሽፋን ተዘግቶ የቀድሞ አካሉ አብዛኛው ፈርሶ ሌላ አካል ይሠራለታል። ይህን ሥርዓት በትዕግሥት ካስተዋሉት አንዷ ጀርመናዊቷ ሠዓሊት ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ናት፤ በ1699 ከልጇ ጋር በደቡብ አሜሪካ ወዳለው ወደ ሱሪናም ባሕር ተሻግራ፣ አባጨጓሬውን፣ የሚበላውን ቅጠልና የሚወጣውን ቢራቢሮ በአንድ ገጽ አድርጋ የሣለችበትን መጽሐፍ በ1705 አሳተመች። የሜሪያንን ሥዕሎች ፌሪ ከሣሉት ሠዓልያን ሥራ ሁሉ አብልጬ የምወደው፣ ምግቡንና ሕፃንነቱን ሳይደብቅ ውበቱን ስለሚያሳይ ነው። እንግዲህ የእኛ ሕዝብ ልጅ ክንፍ የሌለው፣ ዓይኑ የደከመ፣ ከመብላት በቀር ግብር የሌለው ትል ከሆነ፣ እናቱ ወይም ሞግዚቱ እንዴት አድርጋ ትወደዋለች? ከተለወጠስ በኋላ ያሳደገችውን ያውቃታል? ለሁለተኛው ጥያቄ ሳይንስ የሚያጽናና መልስ ሰጥቶአል፤ በ2008 በአሜሪካ የታተመ ምርመራ እንዳሳየው፣ በአባጨጓሬነታቸው መጨረሻ አንድን ሽታ እንዲሸሹ የተማሩ የእሳት ራቶች ክንፍ ካወጡ በኋላም ያንኑ ሽታ ሸሽተዋል። አካሉ ፈርሶ ሲታነጽ ትዝታው ሁሉ አልጠፋም ማለት ነው። ክንፉ ከወጣ በኋላ ግን አካሉ ዳግመኛ አይታደስም፤ እንዲህ የሚያድጉ ነፍሳት ከዚያ ወዲያ ቆዳቸውን ስለማይገፉ የተቀደደ ክንፍ እንደ ተቀደደ ይኖራል።

ወደ ማኅበሩ ስንመጣ ሰዎች የቀፎን መንግሥት በራሳቸው መንግሥት መስተዋትነት ብዙ ዘመን ሲያዩ እንደ ኖሩ እናገኛለን። አርስጣጣሊስ የንቦችን አለቃ ንጉሥ አለው፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ በትለር በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ ንግሥት መሆኗን ገለጠ፤ ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳምም በዚያው መቶ ዓመት በአጕሊ መነጽር ከፍቶ የዕንቍላሏን ማኅደር አየ። በአገራችንም ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከብበውት እናቱ ለመንግሥቱ ምልክት አድርጋ እንደ ተቀበለችው የሚተረከው፣ ንብና ንግሥና በሰው ልቡና ምን ያህል እንደ ተቈራኙ ያሳያል። የተፈጥሮ ምርመራ ግን የቀፎዋን ንግሥት ዘውድ ቀስ በቀስ አውርዶታል። በቀን እስከ 2,000 ዕንቍላል ትጥላለች፣ በጠረኗም ማኅበሩን ታጸናለች እንጂ አታዝዝም። ጭፍራው ከቀፎ ወጥቶ አዲስ ማደሪያ ሲሻ የሚሆነውን ጀርመናዊው ማርቲን ሊንዳወር በ1950ዎቹ ዓመታት ተመልክቶታል፤ ሰላዮች ወጥተው ያዩትን ስፍራ በውዝዋዜ እያመለከቱ፣ ሌሎችም ሄደው እየመረመሩ፣ ለሰዓታት አንዳንዴም ለቀናት ከቈዩ በኋላ በአንዱ ስፍራ ይስማማሉ። የፌሪን ንግሥት በዙፋን ያስቀመጡ ሁሉ ይህን ጉባኤ ቢያዩ ዙፋኑን ለሰላዮቹ በሰጡ ነበር።

የዘር ሥርዓቱም ከሰው እጅግ ይለያል። በሲሌዥያ የነበሩት የካቶሊክ ቄስ ያን ጀርዞን በ1845 እንዳስታወቁት፣ ድንጕላው ንብ ያልተፀነሰ ዕንቍላል ፍሬ ነውና አባት የለውም፤ የእናቱ አባት ግን አያቱ ነው። እንግሊዛዊው ሃሚልተን በ1964 ከዚህ ተነሥቶ፣ በአንድ እናትና በአንድ አባት የተወለዱ የንብ እኅትማማቾች ከደማቸው ሦስት አራተኛውን ስለሚካፈሉ፣ ከራሳቸው ልጅ ይልቅ እኅታቸው ለዘራቸው እንደምትቀርባቸው አሰላ፤ ንግሥቲቱ ከብዙ ድንጕሎች ጋር ስለምትገናኝ ስሌቱ በቀፎ ውስጥ ሁልጊዜ እንደዚህ ሙሉ ባይሆንም። በንብ አርአያ የተበጀ ሕዝብ እንግዲህ የእኅቶች ማኅበር ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የማዕርጉ ነገር ነው፤ ንግሥትና ሠራተኛ የሚወጡት ከአንድ ዓይነት ዕንቍላል ሲሆን የሚለያቸው በሕፃንነት የተመገቡት ነው። ሞግዚቷ ለአንዷ የንግሥቲቱን ምግብ እስከ መጨረሻ ስትመግብ፣ ለሌላዋ ከሦስት ቀን በኋላ ትለውጥባታለች፤ በዚህም አንዷ ዓመታት ትኖራለች፣ ሌላዋ በበጋ ስድስት ሳምንት ያህል ሠርታ ትሞታለች። የሚናገርና የሚያስብ ሕዝብ ይህን ቢያደርግ፣ የፍርድ ሁሉ ሥር በማዕድ ቤት ይሆናል፤ ዐመፅም ቢነሣ ከዚያ ይነሣል። ይህን ጥያቄ በሙሉ ልቡ የያዘ ደራሲ ቢገኝ ታላቅ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ጋብቻና አባትነት እንዲኖር የሚሻ ደራሲ ግን ከንብ ይልቅ ወደ ምስጥ ይመልከት። በምስጥ ማኅበር ንጉሥና ንግሥት በአንድ እልፍኝ አብረው ይኖራሉ፣ ልጆቻቸው ወንዶችም ሴቶችም ይሠራሉ፤ በአፍሪካ ቆላ ኩይሳ ከሚገነቡት ብዙዎቹ በቤታቸው ውስጥ ሻጋታ እያረሱ ይመገባሉ። እንዲህ ያለው ማኅበር የነፍሳት ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ምድር ውስጥ የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል አስረድቶአል፤ በ1981 እንደ ታወቀው፣ ከብዙዎቹ አንዲት እንስት ብቻ ትወልዳለች፣ የቀሩት ይቈፍራሉ፣ ይጠብቃሉም።

ቋንቋቸው ምን ሊሆን ይችላል ለሚለው፣ በ1973 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ካርል ፎን ፍሪሽ መንገዱን ከፍቶአል። ምግብ ያገኘች ንብ በጨለማው ቀፎ፣ ቀጥ ብሎ በቆመው የማር እንጀራ ላይ እየተወዛወዘች ትሮጣለች፤ ወደ ላይ መሮጧ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ማለት ነው፣ ወደ ጎን ያዘነበለችበት መጠን ከፀሐይ የሚታለፈውን ማዕዘን ያሳያል፣ የውዝዋዜዋ ርዝመትም የመንገዱን ርቀት። እኅቶቿ ይህን የሚያነቡት በመዳሰስና በንዝረት ነው። በዘፈንና በዳንስ የሚታወቀው የፌሪ ጭፈራ ንግግራቸው ቢሆን፣ ደራስያኑ ለጨዋታ የቈጠሩት ነገር የሕዝቡ መጽሐፍና ምክር ቤት በሆነ ነበር።

በመጨረሻ ስለ ዕድሜና ስለ ጦርነት አንድ ነገር መነገር አለበት፤ የተረት መጻሕፍት ሁሉ የፌሪን ሠራዊት በጎበዛዝት ሞልተውታልና። በቀፎ ሥርዓት ግን ወጣቷ ንብ በውስጥ ሆና ታጸዳለች፣ ሕፃናት ትመግባለች፣ ሰም ትሠራለች፤ ዕድሜዋ ሲገፋ ወደ በር ወጥታ ትጠብቃለች፤ አደጋ ወዳለበት ሜዳ የምትሰማራው በመጨረሻ ዘመኗ ነው። ከጕንዳንም ወገን አሮጊቶቹን ወደ ጦር ግንባር የሚያሰልፍ አለ፤ ብዙ ዘመን የቀራትን ከመሠዋት ጥቂት የቀራትን መሠዋት ለማኅበሩ ይቀላልና። ስለዚህ የዚህን ሕዝብ ሠራዊት ሊሥል የሚነሣ ሠዓሊ ከፊት የሚያቆማቸው አሮጊቶችን ይሁን፤ ክንፋቸውንም ዳር ዳሩ ተበጣጥሶ ይሣለው።